የመስማት «ወሳኝ ወቅት» ምንድን ነው?

የምንሰማው በጆሮ ነው እንላለን። ጆሮ ግን ድምፁን ተቀብሎ፣ ወደ ነርቭ መልእክት ለውጦ ያስተላልፋል እንጂ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ድምፁ ከየት እንደመጣ፣ የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚል የሚለየው አንጎል ነው። አንጎል ደግሞ ይህን ችሎታ አሟልቶ አይወለድም፤ እየሰማ ነው የሚማረው። በልጅነት ላይ የነርቭ መስመሮቹ በሚሰማው ነገር በቀላሉ የሚቀረጹበት ጊዜ አለ። ወሳኝ ወቅት የሚባለው እሱ ነው።

ይህን በደንብ ካሳዩን እንስሳት አንዷ ጉጉት ናት።

አሜሪካዊው የነርቭ ሳይንቲስት ኤሪክ ክኑድሰን የምርምር ዕድሜውን በብዛት ያሳለፈው ከጉጉት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከተመራማሪው ማሳካዙ ኮኒሺ ጋር በጉጉት አንጎል ውስጥ የድምፅ ካርታ እንዳለ አሳዩ። አንዱ ሴል ከፊት ለፊት ለሚመጣ ድምፅ ይነቃል፣ ጎረቤቱ ትንሽ ወደ ቀኝ ላለው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ጉጉቷ ግራና ቀኙን የምትለየው ድምፁ ለየትኛው ጆሮ ቀድሞ እንደደረሰ አይታ ነው፤ ልዩነቱ ከሰከንድ አንድ ሺኛ በታች ነው! ላይና ታቹን ደግሞ በድምፁ ጉልበት ታውቃለች፣ ምክንያቱም ሁለቱ ጆሮዎቿ እኩል ከፍታ ላይ አይደሉም። በድቅድቅ ጨለማ አይጥ መያዝ የቻለችው ለዚህ ነው።

ዋናው ነገር የመጣው በኋላ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ክኑድሰንና ባልደረቦቹ ለትንንሽ ጉጉቶች የሚያዩትን ሁሉ ወደ ጎን የሚያሸሽ የፕሪዝም መነጽር አደረጉላቸው። አዎ፣ መነጽር ያደረገች ጉጉት። መጀመሪያ ላይ ዓይንና ጆሮ አልተስማሙም፤ ድምፁ በአንድ በኩል ይሰማል፣ ነገሩ በሌላ በኩል ይታያል። ከሳምንታት በኋላ ግን የድምፅ ካርታው ራሱ ተንሸራቶ ከዓይኑ ጋር ገጠመ፤ ጉጉቷም ድምፅ ስትሰማ አንገቷን የምታዞረው ድምፁ ወዳለበት ሳይሆን መነጽሩ ወዳሳሳታት አቅጣጫ ሆነ። ዓይንና ጆሮ ሲጣሉ አንጎሏ ለዓይን ፈረደ ማለት ነው። ያንኑ መነጽር ለጎልማሳ ጉጉት ሲያደርጉላት ካርታው ብዙም ንቅንቅ አላለም።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመውና «በቃ፣ ካለፈ አለፈ» ይላል። እኔ የምወደው ግን ቀጣዩን ነው። በልጅነታቸው መነጽሩን የለመዱ ጉጉቶች ካደጉ በኋላ መልሰው ሲያደርጉት ካርታቸው እንደገና መንሸራተት ቻለ፤ የድሮው ትምህርት አሻራ አልጠፋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ለጎልማሶቹ መነጽሩ የሚያመጣውን ለውጥ በአንዴ ከመጫን በትንሽ በትንሹ ሲያሳድጉላቸው ካርታቸው ከተጠበቀው በላይ ተለወጠ። በ2005 የወጣው ጥናት ከዚያም አልፎ፣ የሞተ አይጥ ከሚቀርብላቸው ይልቅ በሕይወት ያለውን እያደኑ የሚበሉት ጎልማሶች የተሻለ እንደተማሩ አሳየ። ስለዚህ ወሳኝ ወቅት ሲያልፍ መማር ይከብዳል፣ ይዘገያል፣ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል እንጂ ሁልጊዜ ፈጽሞ አይቆምም።

ወደ ሰው ስንመጣ ነገሩ ጠንከር ይላል። መስማት ተስኗቸው ለተወለዱ ልጆች ኮክሌር ኢምፕላንት የሚባል መሣሪያ ይገጠማል፤ የተጎዳውን የጆሮ ክፍል አልፎ የመስማት ነርቭን በኤሌክትሪክ ይነካካል። አኑ ሻርማ የተባለች ተመራማሪ የልጆቹ አንጎል ለድምፅ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመልስ ለካች። ከ3 ዓመት ተኩል በፊት የተገጠመላቸው በወራት ውስጥ እኩዮቻቸው ላይ ደረሱ። ከ7 ዓመት በኋላ የተገጠመላቸው ግን በአብዛኛው አልደረሱም። ሰምቶ አድጎ በጎልማሳነቱ መስማት ያቆመ ሰው ግን በዚሁ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ንግግር መልሶ ይሰማል። አንጎሉ ድሮ ተምሯልና።

ለዚህ ነው ሐኪሞች ሕፃን እስከ 1 ወር የመስማት ምርመራ ይደረግለት፣ ችግር ካለ እስከ 3 ወር ተረጋግጦ እስከ 6 ወር ድጋፍ ይጀምር የሚሉት። «ገና ሕፃን ነው፣ ሲያድግ ይናገራል» እያሉ መጠበቅ እዚህ ላይ አይሠራም። የምልክት ቋንቋም ሳይዘገይ መጀመር ይችላል፤ አንጎል ቋንቋን በእጅም ይቀበላል፣ የማይታገሰው ያለ ምንም ቋንቋ መቆየትን ነው። ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ትንሽ ለስላሳ ቱቦ ጆሮው ውስጥ ይገባና ድምፅ ይለቀቃል፤ ጤናማ የውስጥ ጆሮ መልሶ የራሱን ደካማ ድምፅ ያወጣል፣ መሣሪያው ያንን ይመዘግባል። ሕፃኑ ብዙ ጊዜ አይነቃም እንኳ።