ጠንካራ ቢራ ማለት መራራ ቢራ አይደለም፦ ስለ ሰማያዊ አይብ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

አይብ መቁረጥና መሸጥ፣ አልፎ አልፎም ሰዎችን ሰብስቦ ከቢራ ጋር እያጣጣሙ ማስቀመስ ሥራዬ ከሆነ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ሰማያዊ አይብ፣ ማለትም ሰማያዊ ሻጋታ በውስጡ እንደ ሥር የተሰራጨበትን አይብ፣ የማይወድ ሰው አናድዶኝ አያውቅም፤ ምርጫው ነውና። የሚያናድደኝ ሳይቀምስ በሰማው ብቻ የሚፈርድ ሰው ነው፤ ከእርሱም ይልቅ «እወደዋለሁ» እያለ ከማይስማማው ቢራ ጋር አቅርቦ ጣዕሙን የሚገድለው ሰው የበለጠ ያናድደኛል።

«የተበላሸ ወተት ነው» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ብልሽት ማንም ሳይጠራው የሚመጣ ነገር ሲሆን፣ ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ የተባለው ሻጋታ ግን ተመርጦና ተመጥኖ በወተቱ ወይም በረጋው ወተት ላይ የሚጨመር ነው። ይህን ስም ሲሰሙ «እንግዲያው መድኃኒት ነዋ!» የሚሉም አሉ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘበት ሻጋታ የዚሁ ወገን ቢሆንም ሌላ ዝርያ ነው፤ ጉሮሮውን የታመመ ሰው ወደ ሐኪም እንጂ ወደ አይብ ሻጭ አይሂድ። እንዲያውም ለአንዳንዶች ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ነፍሰ ጡር ሴቶች በሊስቴሪያ ባክቴሪያ ምክንያት ለስላሳ ሰማያዊ አይቦችን ሳያበስሉ እንዳይበሉ ይመከራሉ፤ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም የሚገቱ የድብርት መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎችም በቆየ አይብ ውስጥ ባለው ታይራሚን የተባለ ውህድ የተነሣ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ ባይቀምሱት ይሻላል።

ሰማያዊው ሥር በመርፌ የተወጋ ቀለም ነው የሚለው ወሬ ግን ቢያንስ መነሻ አለው፤ መርፌው በእርግጥ አለና። የስቲልተን አይብ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው በረጃጅም የብረት መርፌዎች ይበሳል፤ በመርፌዎቹ ግን አየር እንጂ ሌላ ምንም አይገባም። ሻጋታው ለማደግ ኦክስጅን ስለሚፈልግ፣ ቀድሞውኑ በአይቡ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ዘር አየሩ በደረሰበት ሁሉ ይነቃል። አንድ ሙሉ አይብ ለሁለት ስከፍል፣ መርፌው ያለፈበት መስመር ከቅርፊቱ ወደ መሃል ቀጥ ብሎ ሲሄድና ሰማያዊው ከመስመሩ ወደ ትንንሾቹ ስንጥቆች ቅርንጫፍ ሲያወጣ በዓይን ይታያል። ቀለም በመርፌ ቢረጭ ኖሮ እንዲህ መንገድ ፈልጎ አይሰራጭም ነበር። ሻጋታው ቅባቱን ሲሰባብር ሜቲል ኪቶን የተባሉ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ ያ አፍንጫ የሚይዝ ሽታም ከእነርሱ የሚመጣ ነው።

ሰማያዊ የሆነውን ሁሉ «ሮክፎር» ብሎ መጥራትም ስህተት ነው። ሮክፎር ላኮን ከተባሉ በጎች ጥሬ ወተት ተሠርቶ በደቡብ ፈረንሳይ በኮምባሉ ዋሻዎች ውስጥ የሚበስል ሲሆን፣ ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ስቲልተን ደግሞ በእንግሊዝ ደርቢሻየር፣ ሌስተርሻየርና ኖቲንግሃምሻየር ብቻ፣ በፓስቸራይዜሽን ካለፈ የላም ወተት ይሠራል፤ ስሙን የሰጠችው የስቲልተን መንደር ራሷ ከእነዚህ አውራጃዎች ውጭ ስለሆነች በስሟ የሚጠራውን አይብ መሥራት አትችልም። ልዩነቱ ለስም ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ነገር ግን ሮክፎር ጨዋማና ስለታም ነው፤ ስቲልተን ቅቤያማ ነው፤ «ዶልቼ» የሚባለው የጣሊያኑ ጎርጎንዞላ ደግሞ ለስላሳና ጣፈጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ ለሦስቱም አንድ ቢራ ማቅረብ አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ቁጣዬ ልምጣ። ለቅምሻ ከሚመጡት መካከል ሁልጊዜ «ጠንካራ አይብ ጠንካራ ቢራ ይፈልጋል» የሚለውን ምክር የሰማ፣ ምክሩንም እንደ ፈቃዱ የተረጎመ አንድ ሰው አይጠፋም። ይዞ የሚመጣው ቢራ ቢራን በሚያመርረው ሆፕስ በተባለ ተክል ምላስ እስኪያደርቅ ድረስ የመረረ ነው፤ ለእርሱ ጥንካሬ ማለት ምሬት ነውና። ምክሩ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ትርጓሜው ነው። ሰማያዊ አይብ ሲበስል ፕሮቲኑ ስለሚሰባበር የራሱ የሆነ ምሬት ያበጃል፤ በዚያ ላይ ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው፣ መራራ ቢራ ሲጨመርበት ሁለቱ ምሬቶች ተደራርበው፣ የቅባቱ ለስላሳነት ጠፍቶ፣ አፍ ውስጥ ብረት የመሰለ ጣዕም ብቻ ይቀራል። ሰውየውም «አይቡ አይሆንም» ብሎ ይሄዳል። ጥፋተኛው ቢራው ሆኖ ሳለ ፍርዱ የሚወድቀው በአይቡ ላይ ነው፤ ለእኔ የማይዋጥልኝም ይኸው ነው።

የቢራ ጥንካሬ የሚለካው በአልኮሉ ሲሆን፣ አልኮሉም በአመዛኙ የሚመጣው ከብቅሉ ብዛት ነው። ጠማቂው ብቅል ባበዛ ቁጥር እርሾው የሚበላው ስኳር ይበዛል፤ እንደ ባርሊ ዋይን ባሉት ቢራዎች ግን እርሾው ሁሉንም ስለማይጨርሰው የተቃጠለ ስኳርና የደረቀ ፍሬ ጣዕም ያለው ጣፋጭነት ይቀራል። ይህ ጣፋጭነት የአይቡን ጨው ያለዝባል፤ ጨውም በተራው ቢራውን ከመሰልቸት ያድነዋል፤ ጋዙ ደግሞ ቅባቱን ከምላስ ላይ ጠርጎ ለቀጣዩ ጉርሻ ያዘጋጃል። ስለዚህ ጠርሙስ ስትመርጡ የአልኮሉን ቁጥር ብቻ አትመልከቱ። ዱቬል የተባለው የቤልጅየም ቢራ 8.5 በመቶ አልኮል ቢኖረውም ደረቅ ነው፤ ከሰማያዊ አይብ ጋር ሲቀርብ ብዙም አያስደስተኝም። ቀለምም ያታልላል፤ ጥቁሩ የጊነስ ድራፍት 4.2 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ወርቃማው ዌስትማሌ ትሪፕል 9.5 በመቶ ነው። ብቅሉ የገዘፈ መራራ ቢራ ከጣፋጩ ጎርጎንዞላ ጋር አንዳንዴ እንደሚስማማ አልክድም፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም።

ምርጫዬን ለሚጠይቀኝ፣ ስቲልተንን ከባርሊ ዋይን፣ ጎርጎንዞላ ዶልቼን ዶፔልቦክ ከተባለው ብቅላማ የጀርመን ቢራ፣ ሮክፎርን ደግሞ 11.3 በመቶ አልኮል ካለው ከሮሽፎር 10 ጋር አቀርባለሁ። በነገራችን ላይ ሮክፎር የፈረንሳይ አይብ ነው፤ ሮሽፎር ደግሞ በቤልጅየም መነኮሳት ገዳም የሚጠመቅ ቢራ ነው፤ አንድ እንግዳ የአንድ ከተማ ምርቶች ናቸው ብሎ ግማሽ ሰዓት ተከራክሮኛል።

ቀጣዩ ስህተት ቅዝቃዜ ነው። በአንድ ቅምሻ ላይ ቸኩዬ ሁለቱንም በቀጥታ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ አቀረብኩ፤ አንዲት እመቤት አይቡን ቀምሳ «ጨው የላስኩ መሰለኝ» አለችኝ፤ ልክም ነበረች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከዚያው ቁራጭ ደግማ ስትቀምስ፣ አይቡ ለስልሶ ከቢላዋው ጋር መጣበቅ ጀምሮ፣ በብርጭቆዋ ያለው ቢራም የዘቢብ ሽታ አውጥቶ ነበርና ሌላ አይብ የሰጠኋት መስሏት ነበር። አይቡን ከአንድ ሰዓት በፊት አውጡት፤ ቢራውንም ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት አቅርቡት።

«ለሰማያዊ አይብ የሚገባው ወይን ብቻ ነው» ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። ፖርት የተባለው ጣፋጭ ወይን ከስቲልተን ጋር ድንቅ ነው፤ የሚስማማው ግን በጣፋጭነቱ ነው፤ ያንኑ ጣፋጭነት ባርሊ ዋይን ጋዝ ጨምሮ ይሰጣል።

ቢራ ስለሆነ ቀላል ነው ብሎ ብርጭቆ መሙላት ግን አያዋጣም። 10 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 33 ሚሊ ሊትር አልኮል ሲይዝ፣ 13 በመቶ የሆነ 150 ሚሊ ሊትር የወይን ብርጭቆ ከ20 ሚሊ ሊትር አያልፍም፤ ስለዚህ አንዱን ጠርሙስ ለሦስት ሰው አካፍላለሁ። የተረፈውን አይብ በላስቲክ አፍናችሁ አታስቀምጡት፤ ላብ አውጥቶ፣ የአሞኒያ ሽታ ይዞ ታገኙታላችሁ። በመጋገሪያ ወረቀት ጠቅልላችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ብታስቀምጡት ለቀናት ይቆያል። የተከፈተው ቢራ ግን ጋዙ ስለሚለቅ በዚያው ምሽት ማለቅ አለበት፤ ለዚህም ነው ስድስት እንግዳ ሲኖረኝ ከሁለት ጠርሙስ በላይ የማልከፍተው።