ዊቸር፦ መጽሐፉም፣ ጌሙም፣ ሙዚቃውም

ዊቸር የፖላንድ ፋንታሲ ነው። ሲጀመር አንድ አጭር ልብወለድ ነበር፣ ከዛ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ሆነ፣ ከዛ ጌም መጣ፣ ጌሙ ደግሞ ለብቻው ኢርፎን ተሰክቶ የሚሰማ ሙዚቃ ይዞ መጣ። ብዙ ሰው የገባው በጌሙ በር ነው፣ እኔም እንደዛው፣ ሶስተኛውን ጌም ጨርሰን "ቆይ ይሄ ነገር መጽሐፍ አለው እንዴ?" ብለን ወደ ኋላ የተመለስን ነን። በኔትፍሊክሱ ድራማ በኩል የገባም አለ፣ አንፈርድበትም። ሶስቱንም እያቀላቀልኩ ነው የማወራው ምክንያቱም እየተመጋገቡ ነው ያደጉት፣ አንዱ ባይኖር ሌላው እዚህ አይደርስም ነበር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ዋናው ሰውዬ ጌራልት ይባላል፣ የሪቪያው ጌራልት። ዊቸር ስሙ ሳይሆን ስራው ነው። ዊቸሮች በልጅነታቸው ኬር ሞርሄን ወደሚባል ተራራ ውስጥ ያለ አሮጌ ምሽግ ይወሰዱና ቅጠላ ቅጠልና መርዝ እየተጋቱ ሰውነታቸው ይለወጣል፣ አብዛኞቹ እዛው ይሞታሉ፣ የተረፈው አይኑ እንደ ድመት ይሆናል፣ በጨለማ ያያል፣ ልጅ አይወልድም፣ እድሜው ግን ይረዝማል። ከዛ በኋላ እንጀራው በክፍያ ጭራቅ መግደል ነው። መንደር ይገባል፣ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያነባል፣ ከመንደሩ ሹም ጋር ዋጋ ይከራከራል፣ ይገድላል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሰዉ ታዲያ ጭራቁ እያለ ይለምነዋል፣ ከሞተለት በኋላ ይተፋበታል። እኛ ጋር ቀጥቃጩን ቡዳ ነው እያሉ ማረሻና ማጭድ ግን እሱ ጋ ያሰሩ እንደነበረው ማለት ነው፣ ያንን የሚያውቅ ሰው የጌራልትን ኑሮ ለመረዳት ብዙ ገጽ አያስፈልገውም።

ስሙን በአማርኛ ልመልሰው ብዬ ሞክሬ ነበር። የፖላንድኛው ቃል ቪየጅሚን ነው፣ ሴት ጠንቋይ ከሚለው ቃል የተወሰደ የወንድ ቅርጽ። ጠንቋይ ብንለው አይሆንም፣ ጠንቋይ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው ሰው የሚመጣለት፣ ይሄኛው ግን ፈረሱን ይዞ ዞሮ የሚሰራ የቀን ሰራተኛ ነው። በቃ ዊቸር ብለን እንለፍ።

ደራሲው አንድዤይ ሳፕኮቭስኪ ነው፣ 1948 ዉጅ ከተማ የተወለደ፣ ኢኮኖሚክስ ተምሮ የውጭ ንግድ መስሪያ ቤት የሚሰራ ሰው። ፋንታስቲካ የሚባል መጽሔት የአጭር ልብወለድ ውድድር ሲያወጣ እድሜው ወደ 40 እየተጠጋ ነበር፣ እንደ ጎረምሳ ጸሐፊ አይደለም የጀመረው። የላከው ታሪክ በታህሳስ 1986 ታተመ፣ ውድድሩ ላይ የወጣው ሶስተኛ ነው። ሀሳቡ የመጣለት የፖላንድ ልጆች ሁሉ ከሚያውቁት ተረት ነው፣ አንድ ምስኪን ጫማ ሰሪ ዘንዶ ገደለ ከሚለው። ሳፕኮቭስኪ ይሄ ነገር አልዋጥለት አለው፣ ጫማ ሰሪ ጫማ ይሰራል እንጂ ምን አገናኝቶት ከዘንዶ ጋር፣ ጭራቅ የሚገድል ሙያው የሆነ ሰው መኖር አለበት፣ ሙያው ከሆነ ደግሞ ይከፈለዋል። ሙሉ ዓለሙ የተሰራው በዚህች አንዲት ነጥብ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ያቺ የመጀመሪያዋ ታሪክ ላይ አንዲት የንጉስ ልጅ ከእናቷ ጋር ሞታ ትቀበርና በሰባት ዓመቷ ሰው የምትበላ ፍጥረት ሆና ከመቃብር ትነሳለች። መግደል ቀላል ነበር፣ ንጉሱ ግን ልጄን አድንልኝ ነው የሚለው። መፍትሄው ዶሮ ሶስተኛ ጊዜ እስኪጮህ ድረስ ወደ ሬሳ ሳጥኗ እንዳትመለስ ማድረግ ነው፣ ስለዚህ ጌራልት ምን ያደርጋል፣ እሷ ስትወጣ ጠብቆ ሳጥኑ ውስጥ ራሱ ገብቶ ይተኛል። ይሄን ታሪክ ለአያቴ በቃል ብነግራት ኖሮ ፋንታሲ ነው ብላ አታስብም ነበር፣ የየት ሀገር ነገር ነው ብላ ነበር የምትጠይቀኝ።

ለማንበብ ለሚፈልግ፣ በሁለቱ የአጭር ታሪክ ስብስቦች መጀመር ነው ያለበት፣ "የመጨረሻው ምኞት" እና "የዕጣ ሰይፍ" ልንላቸው እንችላለን። ከዛ ከ1994 እስከ 1999 የወጡ አምስት ተከታታይ ልብወለዶች አሉ፣ ሲሪ የምትባለዋን ልጅና አስማተኛዋን የኔፈርን (ስሟ ራሱ አማርኛ ይመስላል) ይዞ የሚሄደው ትልቁ ታሪክ እሱ ነው። ሰዉ በአምስቱ ይጀምርና ምንም አልገባኝም ይላል፣ አይገባህማ፣ ሲሪ ማን እንደሆነች የተነገረው አጫጭሮቹ ላይ ነው። 2013 እና 2024 ላይ ሁለት ተጨማሪ መጽሐፎች ወጥተዋል፣ እነሱ ይቆዩ። የሚገርመው እንግሊዝኛ አንባቢ የአምስተኛውን መጽሐፍ ትርጉም ያገኘው 2017 ላይ ነው፣ ማለትም ጌሞቹ ሶስቱም ወጥተው ካለቁ በኋላ፣ የጌሞቹ ታሪክ የሚቀጥለው ደግሞ ከአምስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ነው። መጨረሻውን ሳያይ ቀጣዩን የተጫወተ ሰው ብዛቱ!

ፋንታሲ ነው እያልኩ ነው ግን ሳይንስ ፊክሽን ለሚወድም ቦታ አለው። ጭራቆቹ ከሲኦል አልመጡም፣ ዓለማት የተጋጩበት አንድ ዘመን ነበር፣ ያኔ ከሌላ ዓለም ወድቀው የቀሩ ፍጥረቶች ናቸው። አስማተኞቹ ቁጭ ብለው ስለ ዘር ውርስና ስለ ሚውቴሽን ሲከራከሩ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው የሚመስሉት። ፖላንድ እንደሆነች የሳይንስ ፊክሽን ደራሲው የስታኒስላቭ ሌም ሀገር ናት፣ የሳይንስ ፊክሽን አንባቢ ቀድሞውኑ የነበራት።

አሁን ወደ ጌሙ። ጌሙን የሰራውን ኩባንያ፣ ሲዲ ፕሮጀክትን፣ 1994 ላይ የመሰረቱት ማርቺን ኢቪንስኪና ሚሃው ኪቺንስኪ የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ናቸው፣ ስራቸውን የጀመሩት ዋርሶ ውስጥ ኮምፒውተርና ጌም በሚሸጥበት የጎዳና ገበያ ነው። ያኔ ፖላንድ ውስጥ ሶፍትዌርን የሚጠብቅ የቅጂ መብት ህግ እስከዛው ዓመት ድረስ አልነበረም፣ ኮፒው በየመንገዱ ነው፣ የኛን የኮፒ ሲዲ ዘመን ያየ ሰው ስዕሉ ይመጣለታል። ኦሪጅናል ጌም እንዴት ይሸጣል ታዲያ? እነሱ ያደረጉት፣ ባልደርስ ጌት የሚባለውን ትልቅ ጌም ሙሉ በሙሉ በፖላንድኛ በታወቁ ተዋንያን አስነበቡት፣ ሳጥኑ ውስጥ ካርታና መጽሐፍ ምናምን ጨምረው 1999 ላይ አወጡት፣ ኮፒ የሚሸጠው ሰው ይሄን ሁሉ ሊገለብጥ አይችልም። ተሸጠላቸው። የሰው ጌም መተርጎም ሲሰለቻቸው የራሳችንን እንስራ አሉ፣ የሀገራቸው ሰው በሙሉ የሚያውቀው ታሪክ ደግሞ የሳፕኮቭስኪ ነበር።

እዚህ ላይ የገንዘቡ ነገር አለ። ሰውዬው ጌም የሚባል ነገር ላይ እምነት አልነበረውም፣ ከሽያጩ ድርሻ ይሁንልህ ሲሉት አይ፣ ገንዘቤን አሁኑኑ ስጡኝ ብሎ ወደ 35,000 ዝሎቲ (የፖላንድ ገንዘብ ነው) ተቀብሎ ሄደ። 2018 ላይ ጠበቆቹ 60 ሚሊዮን ዝሎቲ ይከፈለን ብለው ደብዳቤ ጻፉ። 2019 መጨረሻ ላይ ተስማምተው አዲስ ውል ፈረሙ። ሰው ይስቅበታል፣ እኔ ግን አልስቅም፣ ከዛ በፊት ሌላ የፖላንድ ስቱዲዮ ይሄንኑ ታሪክ ጌም ላድርገው ብሎ ጀምሮ ሳይጨርስ ቀርቷል፣ ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ የመረጠው ዝም ብሎ አይደለም።

የመጀመሪያው ጌም ጥቅምት 2007 ወጣ፣ አሁን ላይ ለመጫወት ትዕግስት ይጠይቃል፣ የሰይፉ ነገር ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው። ሁለተኛው 2011፣ የፖላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ለኦባማ በስጦታ የሰጡት እሱን ነው፣ ኦባማም በኋላ ዋርሶ ላይ ቪዲዮ ጌም ብዙም አልችልም ብለው አመኑ። ሶስተኛው ግንቦት 2015። እሱ ነው ሁሉን የቀየረው፣ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ተሸለመ፣ እስከ 2023 ከ50 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጧል። ታሪኩ ጌራልት የጠፋችውን ሲሪን ሲፈልግ ነው፣ ችግሩ ግዌንት የሚባል የካርታ ጨዋታ ውስጡ አለ፣ እንደ ልጁ ያሳደጋት ሲሪ በገዳዮች እየተባረረች ሰውዬው መጠጥ ቤት ከባለቤቱ ጋር ካርታ ሲጥል ያመሻል። ሁላችንም አድርገነዋል።

ለምን እንደተወደደ ለማሳየት አንድ ቦታ ብቻ ልጥቀስ፣ ያልተጫወተ ይችን አንቀጽ ይዝለል። ቀዩ ባሮን የሚሉት አንድ ሰካራም ሹም አለ፣ ሚስቱና ሴት ልጁ ጠፍተውበታል። እየቆየ ሲወጣ ሚስቱን ይደበድብ እንደነበረ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ጽንሱ እንደወረደ፣ ስም ሳይወጣለት እንደተቀበረ ይታወቃል። ያ ጽንስ ጭራቅ ሆኖ ተነስቷል። በሰይፍ መግደል ይቻላል፣ ሁለተኛው መንገድ ግን በሌሊት፣ በዝናብ፣ ባሮኑ ራሱ ያንን ፍጥረት እንደ ህፃን ታቅፎ እስከ ቤቱ በር እንዲወስደው ማድረግ ነው። እየሄደ ያለቅሳል፣ ይቅርታ ይጠይቃታል፣ ፍጥረቷ ስትቆጣ አንተ በአስማት ታረጋጋታለህ፣ ቆሞ መጠበቅም መሮጥም አይቻልም። በሩ ጋ ሲደርስ ደጃፉ ስር ይቆፍርና ስም አውጥቶላት፣ ልጄ ነሽ ብሎ ይቀብራታል። ከዛ በኋላ ቤት የምትጠብቅ መንፈስ ትሆናለች። ደጃፍ ስር መቅበር የስላቭ ህዝቦች የቆየ እምነት ነው፣ ጌም ሰሪዎቹ የፈጠሩት አይደለም። እኔ ይሄን ቦታ ሁለቴ ነው የተጫወትኩት፣ በመጀመሪያው ጊዜ ሴቭ ሳላደርግ መብራት ሄደ፣ ባሮኑን እንደገና ከመጀመሪያው ማስለቀስ ነበረብኝ። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ የሙታን መታሰቢያ ድግስ አለ፣ ምግብ እየቀረበ የሞቱት የሚጠሩበት፣ እሱም የእነሱ ባህል ነው፣ ተዝካር ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ስቱዲዮው በመሀል ሳይበርፐንክ 2077 የሚባለውን የሳይንስ ፊክሽን ጌም 2020 ላይ አወጣ፣ ሲወጣ በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች ላይ አልሰራ ብሎ ጉድ ተባለ፣ በኋላ ግን አስተካክለውታል። አራተኛው ዊቸር ታህሳስ 2024 ላይ ተዋውቋል፣ ዋናዋ ገጸ ባህሪ ሲሪ ናት። ጌራልት ቦታውን ለቀቀ ብለው የተንጫጩት መጽሐፉን ያላነበቡት ናቸው።

ሙዚቃውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምወደው ነው። መጽሐፉ ውስጥ ራሱ የጌራልት የቅርብ ጓደኛ ያስኪየር የሚባል፣ ሉት የሚሉትን የክር መሳሪያ ይዞ የሚዞር ዘፋኝ ነው፣ በኛ ቋንቋ በቃ አዝማሪ፣ ሰው ያወድሳል፣ ሰው ይሰድባል፣ ሴት ያማልላል፣ ከከተማ ይባረራል። ድራማው በ2019 ሲጀምር ከጌራልት ይልቅ የሱ ዘፈን ነው ዓለምን የዞረው። ጌሙ ላይ ግን ለኔ ፕሪሲላ ትበልጣለች፣ ኖቪግራድ ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ መድረክ ላይ ቁጭ ብላ ስለ ጌራልትና ስለ የኔፈር የምትዘፍነው። ጌሙ ቆም ይላል፣ የምትጫነው ምንም ቁልፍ የለም፣ ካሜራው የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ያሳይሃል፣ ጌራልት ራሱ የራሱን ታሪክ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

የጦርነቱ ሙዚቃ ሌላ ነው። አቀናባሪዎቹ ማርቺን ፕሺቢዎቪችና ሚኮዋይ ስትሮይንስኪ ፐርሲቫል ከሚባል የፖላንድ ባህላዊ ባንድ ጋር ነው የሰሩት፣ የድሮ የክር መሳሪያዎች፣ ከበሮ፣ በተለይ ደግሞ ከጉሮሮ ተከፍቶ የሚወጣ የሴቶች ጩኸት የመሰለ ዜማ። ባንዱ ስሙን የወሰደው ከየት መሰላችሁ፣ ከሳፕኮቭስኪ መጽሐፍ፣ እዛ ውስጥ ካለ አንድ ድንክ። ጌሙ ሳይጠራቸው ብዙ ዓመት በፊት ማለት ነው፣ መጽሐፉን አንብበው ስም ያወጡ ልጆች ዞረው የመጽሐፉን ጌም ሙዚቃ ሰሩ። ጌራልት ከሰው ጋር ሲዋጋ የሚመጣው ዜማ ባንዱ አስቀድሞ ከሚጫወተው ላዛሬ ከሚባል ዘፈን የተወሰደ ነው፣ ግጥሙ የቡልጋሪያ ነው፣ ከሆሳዕና በፊት ባለችው በአልዓዛር ቅዳሜ ልጃገረዶች አምረው ለብሰው ቤት ለቤት እየዞሩ ከሚዘፍኑት። ባጭሩ የነሱ አበባየሆሽ ነው፣ ጭንቅላት እየተቆረጠ ከኋላ የሚሰማው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ያ ውጊያ እንደ ድሮው አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ልብስ እያጠብኩ ድምፁን ከፍ አድርጌ ከፍቼው ጎረቤቴ እትዬ በሩን አንኳኩተው "ልጄ፣ የማን ለቅሶ ነው?" አሉኝ። ሙዚቃ ነው እትዬ፣ የበዓል ዘፈን ነው ብዬ ቀነስኩት።