ስጎን ሮል ምንድን ነው? የፈረንሳይ ኮሜዲ «ሁለተኛ ሰው» በሚሼል ጋላብሩ ሥራ ሲታይ

ስጎን ሮል ቃል በቃል ሲተረጎም «ሁለተኛ ሚና» ነው። እኛ «ረዳት ተዋናይ» የምንለው ለዚህ ቢቀርብም ሙሉ በሙሉ አይገጥመውም። ረዳት ሲባል ሥራ የሚያቀል፣ ዕቃ የሚያቀብል ሰው ትዝ ይለናል። ፈረንሳዮች ስጎን ሮል ሲሉ ግን ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ ማለታቸው ነው። ታሪኩ የእሱ ያልሆነ፣ ስሙ በፖስተሩ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈ፣ ነገር ግን በሩን ከፍቶ በገባ ቁጥር ተመልካቹ «መጣ!» ብሎ ወንበሩ ላይ የሚመቻችለት ባለሙያ ነው። አንዳንዱ በዚህ ሥራ 50 እና 60 ዓመት ይኖርበታል። ሚሼል ጋላብሩ ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ ቃሉን ለመረዳትም ከእሱ የተሻለ ምሳሌ የለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በፈረንሳይ ሲኒማ ተዋናይ የሚቆምበት መሰላል እንዲህ ነው። ከታች ፊጉራን አለ፤ በገበያው ወይም በባቡር ጣቢያው ከሕዝቡ መሐል የሚታይ፣ ቃል የማይናገር። ከእሱ ከፍ ብሎ ሲሉዌት አለ፤ በር የሚከፍት፣ ቡና የሚያቀርብ፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ቃል የሚወጣው። ቀጥሎ ፕቲ ሮል ነው፤ ስም ያለው፣ አንድ ትዕይንት ያለው ሰው። ከዚያ ስጎን ሮል፣ በመጨረሻም ፕሬሚዬ ሮል፣ ማለትም ዋናው ተዋናይ። ስጎን ሮልን ከሌሎቹ የሚለየው በስክሪን ላይ የሚቆይበት ደቂቃ ብዛት አይደለም። መለኪያው ሌላ ነው፦ ሰውየውን ከታሪኩ ብታወጣው የዋናው ገጸ ባህርይ ችግር ይፈርሳል? የሚፈርስ ከሆነ ያ ስጎን ሮል ነው። ካልፈረሰ የቱንም ያህል ቢያስቅ ጌጥ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሳ አንድ የቆየ ቃል አለ፤ አምፕሏ ይባላል። የመጣው ከቴአትር ነው። የድሮ የፈረንሳይ ቡድኖች ተዋናይ የሚቀጥሩት በሚና ዓይነት ነበር፤ አንዱ ወጣት አፍቃሪ፣ አንዱ ተንኮለኛ አሽከር፣ አንዱ ቆጣቆጣ አባት፣ አንዷ ነገረኛ አሮጊት። ቡድኑ ተውኔት ሲቀይር ሰዎቹ አይቀየሩም። ሲኒማው ይህን ልማድ እንዳለ ወረሰው፣ ምክንያቱም ጊዜ ይቆጥባል። አንድ ኮሜዲ ከ90 እስከ 100 ደቂቃ ነው። ለዋናው ሰው ማንነት 20 ደቂቃ ከሰጠህ ለአማቱ፣ ለአለቃውና ለጎረቤቱ የሚተርፍህ የሰኮንድ ያህል ነው። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ተመልካቹ ገና ሳይናገር የሚያውቀውን ፊት ይመርጣል። ወፍራም፣ ጎርናና ድምፅ ያለው፣ ዓይኑ የሚያብጥ ሰው ዩኒፎርም ለብሶ ከገባ አለቃ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም።

ጋላብሩ ጥቅምት 27 ቀን 1922 ሞሮኮ ውስጥ በሳፊ ከተማ ተወለደ። በፓሪስ የድራማ ኮንሰርቫቷር ተምሮ በ1950 ኮሜዲ ፍራንሴዝ ገባ፤ ከ1680 ጀምሮ ያለው የመንግሥቱ ቴአትር ቤት ነው። እስከ 1957 ድረስ የተውኔት ጸሐፊውን የሞልዬርን ሥራዎች ጨምሮ የጥንቱን ተውኔት እየተጫወተ ቆየ። ይህ ሰባት ዓመት በኋላ ለሠራው ሁሉ መሠረት ነው ብሎ መናገር ማጋነን አይሆንም። በሞልዬር ኮሜዲ ውስጥ የሚያስቀው ሰው ራሱን አያስቅም። ስስታሙ ስለ ገንዘቡ የምር ያለቅሳል፤ በሽተኛ ነኝ የሚለው የምር ሞትን ይፈራል። ጋላብሩ ይህን ይዞ ነው ካሜራ ፊት የቆመው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጀመራቸው ፊልሞች ትንንሽ ነበሩ፤ በ1962 «የልብስ ቁልፎች ጦርነት» በተባለው የልጆች ፊልም የባካዬን አባት ሆኖ ሲጫወት አምፕሏው ቅርፅ ይዞ ይታያል፤ የሚጮህ፣ የሚያስፈራ መስሎ የሚያስቅ አባት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1964 ነው። ዣን ዢሮ «የሳን ትሮፔው ዣንዳርም» የተባለውን ፊልም ሠራ። ዣንዳርም በፈረንሳይ በገጠርና በትንንሽ ከተሞች የፖሊስ ሥራ የሚሠራ የጦር ሠራዊት አባል ነው፤ ማዕረግ አለው፣ ሰላምታ አለው፣ ቁጣ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ዋናው ሰው ሉዊ ደ ፉኔስ የሚጫወተው ክሩሾ ነው። ጋላብሩ ደግሞ የጣቢያው አዛዥ አጁዳን (የማዕረግ ስም ነው) ዤርቤር ነው። ተከታታዩ በ1965፣ 1968፣ 1970፣ 1979 እና 1982 ቀጥሎ ስድስት ፊልም ሆነ፤ ጋላብሩ በስድስቱም አለ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ አሠራሩን መፈተሽ ይገባል። ክሩሾ የበላይ ሲያይ ወገቡ የሚጎብጥ፣ የበታች ሲያይ ደረቱ የሚነፋ ሰው ነው። ፊልሙ የሚያስቀው በዚህ መገለባበጥ ነው። ግን መገለባበጡ እንዲታይ ከላዩ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደካማ ከሆነ ጉብጠቱ ትርጉም ያጣል፣ በጣም ክፉ ከሆነ ደግሞ ኮሜዲው ወደ ሐዘን ይሄዳል። ዤርቤር መሆን ያለበት በመሐል ነው። ክሩሾን የሚያንቀጠቅጥ ሥልጣን አለው፣ የራሱ አለቃ ሲመጣ ግን እሱም ይንቀጠቀጣል። ጋላብሩ ይህን በሰውነቱ ነው የሠራው። ደ ፉኔስ አጭር ነው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ64 ገደማ፣ እጁም ፊቱም አያርፍም። ጋላብሩ ከጎኑ ሲቆም ግዙፍ ነው፣ ይዘገያል፣ ከመቆጣቱ በፊት አየር ይስባል። አንዱ በሰኮንድ አሥር ነገር ሲያደርግ ሌላው አንድ ነገር ያደርጋል። ሁለቱም ፈጣን ቢሆኑ ዓይን የሚያርፍበት ባልኖረ ነበር።

ፌር-ቫልዋር የሚባል ሌላ ቃል ከዚህ ጋር ይምታታል። ፌር-ቫልዋር አቀባይ ነው፤ ዋናው ኮሚክ ቀልዱን እንዲመታ ኳሱን ያመቻቻል፣ እሱ ራሱ አያስቅም። ዤርቤር በአብዛኛው ትዕይንት ያቀብላል፣ ግን በየመሐሉ ራሱ ያገባል። በተለይ ክሩሾ የሚናገረውን ውሸት እየሰማ ቀስ በቀስ ሲገባው ፊቱ ላይ የሚሆነውን ማየት ነው። መጀመሪያ ያምናል። ከዚያ አንድ ቃል ይጎረብጠዋል። ከዚያ ዓይኑ ይሰፋል። ድምፁ የሚወጣው በመጨረሻ ነው። አራት ደረጃ ነው፣ እና አንዱንም አይዘልም። ፊልሙን ድምፁን አጥፍቶ፣ ደ ፉኔስን ሳይሆን እሱን ብቻ እየተከተሉ ማየት ይህን በግልጽ ያሳያል።

ስጎን ሮል የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ፉክክር ነው፤ ሁለተኛው ሰው ከዋናው ጋር ሳቅ ሲሻማ ተመልካቹ ማንን እንደሚያይ ይጠፋዋል፣ ሁለቱም ይከስራሉ። ሁለተኛው ቀልዱን አስቀድሞ ማወቅ ነው። የሚታለለው ሰው እንደሚታለል የሚያውቅ ከመሰለ ነገሩ ይሞታል፤ ለሃያኛ ጊዜም ቢቀረጽ ለእሱ የመጀመሪያ መሆን አለበት። ሦስተኛው በጣም ስውርና በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፦ ቶሎ መመለስ። ሳቅ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ከንግግሩ በኋላ ባለው ዝምታ ውስጥ፣ የሰሚው ፊት ላይ ነው። ሰሚው ቃሉን ተቀብሎ ወዲያው ከመለሰ ኤዲተሩ የሚቆርጠው ፊት አያገኝም። ጋላብሩ ያንን ግማሽ ሰኮንድ ሁልጊዜ ይሰጥ ነበር።

ከገንዘቡ ጎን ስናየው ሙያው ሌላ ሕግ አለው። ኮከብ ለአንድ ፊልም ሁለትና ሦስት ወር ይታሰራል። ስጎን ሮል ትዕይንቶቹ ተሰብስበው በጥቂት ቀናት ይቀረጹለታል፤ ክፍያውም ካሼ ይባላል፣ በቀን የሚታሰብ። ስለዚህ በዓመት አራት አምስት ፊልም መሥራት ይችላል፣ ማታ ደግሞ ቴአትር። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው የፈረንሳይ ደንብ፣ በ12 ወር ውስጥ 507 ሰዓት የሠራ ተዋናይ ሥራ በሌለበት ቀን ከሥራ አጥ መድን ክፍያ ያገኛል። አንድ ካሼ 12 ሰዓት ተብሎ ስለሚቆጠር ቢያንስ 43 ካሼ ማሟላት አለበት። ተዋናይ የመጣለትን ሁሉ የሚቀበለው ለምን እንደሆነ ከዚህ ቁጥር ይገባናል። ጋላብሩ ስሙ የታወቀ ሆኖ እንኳ ከ200 በላይ ፊልም ላይ ታይቷል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ደካማ ናቸው፣ በተለይ በ1970ዎቹ በርካሽ የተሠሩት ኮሜዲዎች። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ግን በመጥፎዎቹም ውስጥ እሱ በገባበት ትዕይንት ሥራው ንጹሕ ነው፣ እና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ደ ፉኔስ ራሱ ከዚህ መሰላል ነው የወጣው። በ1945 የመጀመሪያ ፊልሙ ላይ በረኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አስተናጋጅ፣ ጸሐፊ፣ ጎረቤት እየሆነ ተጫወተ። በ1956 «የፓሪስ ማቋረጥ» በተባለው ፊልም፣ በጀርመን ወረራ ጊዜ የአሳማ ሥጋ በድብቅ የሚሸጠውን ባለ ሱቅ ዣምቢዬን ሆኖ ዣን ጋባንና ቡርቪል ፊት ሲንቀጠቀጥ ያየ ሰው፣ ኮከብነቱ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። በ1964 ዋና ሰው ሲሆን ዕድሜው 50 ነበር። ለዚህ ነው በዙሪያው ጥሩ ሁለተኛ ሰዎች እንዲቆሙ የፈለገው፤ ሥራውን ከውስጥ ያውቀዋል።

አምፕሏ ግን ወጥመድም ነው። ፊትህ አንድ ነገር ማለት ከጀመረ ሌላ እንዲል ማንም አይጠይቅህም። ጋላብሩን ከወጥመዱ ያወጣው ዳይሬክተሩ ቤርትራን ታቬርኒዬ ነው። በ1976 በወጣው «ዳኛውና ነፍሰ ገዳዩ» በተባለው ፊልም ጆዜፍ ቡቪዬን እንዲጫወት መረጠው፤ በ1898 በጊሎቲን አንገቱን የተቀላውን ጆዜፍ ቫሼን መነሻ ያደረገ ገጸ ባህርይ ነው። ቡቪዬ ከጦር ሠራዊት የተባረረ፣ እጮኛውን ተኩሶ ራሱንም የተኮሰ፣ ጥይት ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረ፣ በአርዴሽ ተራሮች እየዞረ የሚገድል ሰው ነው። ፊሊፕ ኗሬ ዳኛው ነው፤ የቡቪዬን አመኔታ አግኝቶ ወደ ሞት ይመራዋል።

የሚገርመው ጋላብሩ አዲስ መሣሪያ አላመጣም። ያው የሚያብጥ ዓይን፣ ያው ከመፈንዳቱ በፊት የሚሳብ አየር፣ ያው ጩኸት ነው። የተቀየረው ከፊቱ ያለው ሰው ነው። ዤርቤር ሲጮህ ክሩሾ ይንከራተታል፣ እንስቃለን። ቡቪዬ ሲጮህ ዳኛው አይንቀሳቀስም፣ ዝም ብሎ ይጽፋል። የሚመልስለት ስለሌለ ጩኸቱ ራሱ ላይ ይወድቅና ያስፈራል፣ ከዚያም ያሳዝናል። የኮሜዲና የፍርሃት ሪትም አንድ መሆኑን ከዚህ ፊልም በላይ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ይከብዳል። በ1977 የምርጥ ተዋናይ ሴዛርን አገኘ፤ የፈረንሳይ ሲኒማ ከፍተኛው ሽልማት ነው። ለስጎን ሮል የተለየ ሴዛር ከ1976 ጀምሮ አለ፣ የመጀመሪያውም ዣን ሮሽፎር ነበር። የጋላብሩ ግን የዋና ተዋናይ ነው።

ከዚያ በኋላ ኮከብ ለመሆን አልሞከረም፤ ወደ ሁለተኛ ቦታው ተመለሰ። በ1978 «ላ ካዥ ኦ ፎል» ላይ ሲሞን ሻሪዬ የሚባል፣ ስለ ሥነ ምግባር የሚሰብክ የፓርቲ ሰው ሆነ። ፊልሙ የኡጎ ቶኛዚና የሚሼል ሴሮ ነው። ሻሪዬ ሳያውቅ ልጁን ለመዳር የሄደው የሌሊት ክበብ ባለቤት ቤት ነው፣ በመጨረሻ ጋዜጠኞች ከበውት የሴት ቀሚስና ዊግ አድርጎ ያመልጣል። ጋላብሩ እዚያ ትዕይንት ላይ ምንም የሚያስቅ ነገር አያደርግም። በኩራት ነው የሚራመደው። ክብሩን ይዞ ለመውጣት የሚታገል ሰው ስለሆነ ቀሚሱ ሥራውን ይሠራል።

በ2008 ደግሞ ዳኒ ቡን በሠራው «ቢያንቬኑ ሼ ሌ ሽቲ» ላይ አንድ ትዕይንት ብቻ ተሰጠው። ከደቡብ ወደ ሰሜን የተቀየረው የፖስታ ቤት ኃላፊ ስለ አካባቢው ሊጠይቅ ይመጣል፤ ጋላብሩ ከፊል ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ «ሰሜን» የሚለውን ቃል እየጎተተ ይናገራል። የፊልሙ ግማሽ የቆመው ሰውየው ሰሜንን በመፍራቱ ላይ ነው፣ ፍርሃቱን የሚተክልበት እሱ ነው። ከላይ ባልነው መለኪያ ካየነው ያ አንድ ትዕይንት ሙሉ ስጎን ሮል ነው። ፊልሙን በፈረንሳይ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው በሲኒማ ቤት አይቶታል። በዚያው ዓመት፣ በ85 ዓመቱ፣ በመድረክ ሥራው በሞልዬር ስም የሚሰጠውን የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ተቀበለ። ጥር 4 ቀን 2016 በ93 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ።