ፖክሞን ካርድ፦ ትሬነር ሁሉ አንድ አይደለም

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ የፖክሞን ካርድ ጨዋታን በስልክ (ፖክሞን ቲሲጂ ላይቭ በሚባለው) የጀመረ ልጅ ሁሉ «ይሄኛው ካርድ ለምን እምቢ ይለኛል?» ይላል። ልክ ነው፣ ያናድዳል።

ካርዱ በጥቅሉ 3 ዓይነት ነው። ፖክሞኑ ይዋጋል፤ ኢነርጂው ደግሞ ለጥቃት የሚያስፈልገው ጉልበት ነው፣ በአንድ ተራ ከእጅህ 1 ብቻ ታያይዛለህ። እዚህ ድረስ ማንም አይቸገርም። ጣጣው ያለው ሦስተኛው፣ አጋዥ ካርዱ ትሬነር ላይ ነው፤ እሱ ራሱ አይተም፣ ሰፖርተር፣ ቱል እና ስታዲየም ተብሎ ይከፈላል።

አይተም የሚባለውን ትሬነር በአንድ ተራ 5ም 6ም ብትጥል ከልካይ የለህም። ሰፖርተር ግን በተራ 1 ብቻ! ጨዋታውን የሚጀምረው ሰው በመጀመሪያ ተራው ጭራሽ አይፈቀድለትም። ለምሳሌ ፕሮፌሰርስ ሪሰርች ሰፖርተር ነው፤ እጅህ ላይ ያለውን በሙሉ ያስጥልህና 7 አዲስ ካርድ ያስስብሃል፣ ስለዚህ ከእሱ በፊት አይተሞችህን ተጠቀም፣ ኢነርጂህንም አያይዝ፣ አለዚያ ጥሩ ጥሩው ካርድህ ገደል ገባ ማለት ነው። (ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ይመስለኛል፣ በዕድል ያሳብባል እንጂ።)

ቱል ፖክሞን ላይ ይለጠፋል። ስታዲየም ለሁለታችሁም ይሠራል፤ ሌላ ስም ያለው ስታዲየም እስኪተካው ድረስ መሃል ላይ ይቆያል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ ሥዕሉን ትተህ እሱን አንብብ።