ከችሎት በፊት ማስረጃ መለዋወጥ፦ በአሜሪካ የፍትሐ ብሔር ሙግት የጠበቃ ስልትና ሥነ ምግባር

በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚከፈት የፍትሐ ብሔር ክስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ምስክር በችሎት ከመሰማቱ በፊት ነው፤ በዕርቅ፣ በክስ መዘጋት ወይም ዳኛው ሰነዶችን ብቻ አይቶ በሚሰጠው ውሳኔ። ስለዚህ ሙግቱ የሚለየው ዲስከቨሪ በሚባለው የማስረጃ መለዋወጫ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ አንዱ ወገን፣ የዳኛ ትእዛዝ ሳይጠብቅ፣ ባላንጣውን የሚጎዳውን ሰነድ ከራሱ ከባላንጣው እጅ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ፋይሉን የሚያገላብጠው ግን ተጠያቂው ነው፤ ሲፈልግ ዳኛም ሆነ ባላንጣ አያየውም። ሥርዓቱ የቆመው በጠበቃው ፊርማ ላይ ነው። በደንቡ ቁጥር 26(ሰ) መሠረት የሚፈርም ጠበቃ ተገቢውን ማጣራት አድርጌአለሁ፣ መልሱም ለማጓተት ወይም ለማንገላታት የተሰጠ አይደለም ብሎ ማረጋገጡ ነው።

ጠበቆቹ በመጀመሪያ ተገናኝተው የሥራ ዕቅድ ያወጣሉ። ከዚያ በ14 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ወገን ሳይጠየቅ የምስክሮቹን ስም፣ የሚደገፍባቸውን ሰነዶች፣ የካሳውን ስሌትና ክሱን ሊሸፍን የሚችል የኢንሹራንስ ውል ይገልጻል። ቀጥሎ የጽሑፍ መጠይቅ ይላካል፤ ጥያቄዎቹ ከነንዑስ ክፍሎቻቸው ከ25 መብለጥ የለባቸውም። የሰነድ ማቅረቢያ ጥያቄና «ይህን ፍሬ ነገር እመን ወይም ካድ» የሚል ጥያቄም አለ። ለሁሉም መልስ መስጫው 30 ቀን ነው። ከሁሉ አደገኛው የመጨረሻው ነው፤ ቀኑ ካለፈ ፍሬ ነገሩ እንደታመነ ይቆጠራል፣ በቀጠሮ መዝገብ ስህተት ብቻ ጥሩ መከላከያ ሊፈርስ ይችላል።

ሰነድ የመጠበቅ ግዴታ የሚጀምረው መጥሪያ ሲደርስ ሳይሆን ክስ ሊመጣ እንደሚችል ሲገመት ነው። ጠበቃው «ምንም እንዳይጠፋ» የሚል ደብዳቤ ለሥራ አስኪያጁ መላኩ አይበቃም። ኢሜይል በራሱ ጊዜ እንዲሰረዝ ያደረገውን የኮምፒውተር ባለሙያ ማግኘት፣ የሠራተኞችን የግል ስልክ መጠየቅ፣ ትእዛዙ መፈጸሙን ተመልሶ ማየት አለበት። ዙቡሌክ የተባለች ሠራተኛ ባሰናበታት ባንክ በዩቢኤስ ዋርበርግ ላይ ባቀረበችው ክስ ዳኛ ሺራ ሺንድሊን እ.ኤ.አ. በ2004 የጠፉት ኢሜይሎች ባንኩን የሚጎዱ እንደነበሩ ጁሪው (ፍሬ ነገሩን የሚፈርዱት ተራ ዜጎች) ሊገምት ይችላል ብለው አዘዙ፤ በማግስቱ ዓመት ጁሪው ከ29 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተሻሻለው ደንብ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ከባድ ቅጣት የኤሌክትሮኒክ ማስረጃው ሌላው ወገን እንዳይጠቀምበት ሆን ተብሎ መጥፋቱ እንዲታወቅ ይጠይቃል።

በተግባር ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው በውሸት ሳይሆን ጥያቄውን አጥብቦ በማንበብ ነው። በዋሽንግተን ግዛት አንዲት ሕፃን ቴኦፊሊን የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት መድኃኒት ወስዳ አንጎሏ ተጎዳ። አምራቹ ፋይሰንስ ስለዚያ ንጥረ ነገር አደጋ እ.ኤ.አ. በ1981 ለተወሰኑ ሐኪሞች ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ደብዳቤው በሙግቱ ሲጠየቅ አልወጣም፤ ኋላ ላይ ስሙን ያልገለጸ ሰው አብሮ ለተከሰሰው ሐኪሟ ጠበቃ ላከው። የኩባንያው ጠበቆች መከራከሪያ ጥያቄው የመድኃኒቱን የንግድ ስም እንጂ ንጥረ ነገሩን አይመለከትም የሚል ነበር። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን አልተቀበለም፤ አሳሳች መልስ ያስቀጣል አለ። ትክክለኛው መንገድ ክፍት ነበር፦ ጥያቄው ሰፊ ወይም ግልጽ ያልሆነ ከመሰለ ተቃውሞን በግልጽ ጽፎ፣ በዚያ ምክንያት የተያዘ ሰነድ መኖሩንም መናገር። ደንቡ ዛሬ ይህን በግልጽ ያዛል። «ሰፊ ነው፣ አድካሚ ነው» የሚል ከፋይል ወደ ፋይል የሚገለበጥ ተቃውሞ ዳኛ ፊት ዋጋ የለውም።

ምስክር ከችሎት ውጭ በመሐላ ቃሉን የሚሰጥበት ዲፖዚሽን ለአንድ ወገን 10 ጊዜ፣ እያንዳንዱም በአንድ ቀን ለ7 ሰዓት ይፈቀዳል። ዳኛ ስለሌለ ፈተናው እዚህ ይበረታል። ጠያቂው «ደብዳቤውን አይተውታል?» ሲል የምስክሩ ጠበቃ «ካስታወሱ ይመልሱ» ብሎ ጣልቃ ይገባል፤ ምስክሩም ወዲያው «አላስታውስም» ይላል። ይህ መልስ ማቀበል ነው። ተቃውሞ አጭርና ሐሳብ የማይጠቁም መሆን አለበት። «አትመልስ» ማለት የሚቻለውም ምስጢር ለመጠበቅ፣ ፍርድ ቤት የጣለውን ገደብ ለማስከበር ወይም ምርመራው እንዲቆም አቤት ለማለት ብቻ ነው። ምስክርን ቀድሞ ማዘጋጀት፣ ሰነድ ማሳየት፣ ጥያቄ ማለማመድ የተፈቀደ ነው፤ የማያውቀውን ፍሬ ነገር መስጠት የተከለከለ ነው።

ምስጢርን በተመለከተ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1947 የተወሰነው የሂክማን በቴይለር ጉዳይ ነው። አንድ ጎታች ጀልባ ሰጥሞ ከ9 ሠራተኞች 5ቱ ሲሞቱ የባለቤቶቹ ጠበቃ ከተረፉት ቃል ተቀበለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባላንጣው ፍሬ ነገሩን ራሱ ምስክሮቹን ጠይቆ ማግኘት ይችላል፣ የጠበቃውን ማስታወሻ ግን ያለ በቂ ምክንያት አይወስድም አለ። ምስጢር ነው ብሎ ሰነድ የሚያስቀር ወገን ምስጢሩን ሳያወጣ የሰነዱን ዓይነት መግለጽ አለበት። በስህተት ያመለጠ ሰነድ የደረሰው ጠበቃ ለላኪው ወዲያው ማሳወቅ፣ ሲጠየቅም መመለስ ወይም ማሸግ ይገባዋል። ብልህ ጠበቃ ልውውጡ ሳይጀመር በፌዴራል የማስረጃ ደንብ ቁጥር 502(መ) መሠረት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስወጣል፤ ያኔ አንድ ኢሜይል ቢያመልጥም የምስጢር መብቱ አይጠፋም።

የራስ ደንበኛ በዲፖዚሽን ዋሽቶ ሲገኝ ከሁሉ ይከብዳል። ጠበቃው ለፍርድ ቤት ያለበት የሐቀኝነት ግዴታ እዚያም ይሠራል። ጠበቃው መጀመሪያ ደንበኛው ቃሉን እንዲያርም ለብቻው ይመክረዋል፤ እምቢ ካለ ከጉዳዩ መውጣትን ያስባል፤ መውጣቱ ካልተፈቀደ ወይም የተዛባውን ካላቃና፣ ምስጢር ቢሆንም እንኳ ለፍርድ ቤቱ ያሳውቃል።