«ፋሴት አርትሮፓቲ» የሚል የኤምአርአይ ውጤት ሲመጣ

ፋሴት የሚባሉት እያንዳንዱን የአከርካሪ አጥንት ከኋላ በኩል፣ በግራና በቀኝ፣ ከሚቀጥለው ጋር የሚያያይዙ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ናቸው። በዕድሜ ብዛት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ዲስክ ሲሳሳ ሸክሙ ወደ እነርሱ ይዞራል፤ የሚሸፍናቸው ልም አጥንት ያልቃል፣ ዳራቸው ላይም ትርፍ አጥንት ይበቅላል። ፋሴት አርትሮፓቲ የሚባለው ይኸው ለውጥ ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ምስሉና ሕመሙ እኩል አለመሄዳቸው ነው። ከ60 ዓመት በላይ ሆነው ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎችም ይኸው ለውጥ አለባቸው። ስለዚህ ወረቀቱ ብቻውን ፍርድ አይደለም። ሐኪሙ ወደ ኋላ ሲለጠጡ ወይም ለረጅም ጊዜ ሲቆሙ ይብስ እንደሆነ፣ ጎንበስ ሲሉ ደግሞ ይቀል እንደሆነ ይጠይቃል።

ዘመድ ሁሉ «ተኛ» ማለት ቢወድም፣ አልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ያደክማል። በእግር መሄድ፣ የሆድና የጀርባ ጡንቻን የሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒ፣ ክብደት መቀነስም ይረዳሉ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያስታግሳሉ፤ ነገር ግን የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር መውሰድ የለበትም። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም አልወጣ ካለ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር ከዛለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።