«መኪናዬ ቆማለች፣ ምን ልክፈል?» እና ሌሎች የቦሎ ስህተቶች

የመኪና ዓመታዊ ክፍያ በጨመረ ቁጥር ያው ወሬ ተመልሶ ይመጣል፤ ወሬውን ያመነ ሰውም ሊቀር ይችል የነበረ ገንዘብ ይከፍላል።

«የምዝገባ ክፍያ እጥፍ ሆነ»

ደረሰኙን መስመር በመስመር አንብቡት። ምዝገባ፣ ሰሌዳ፣ የቴክኒክ ምርመራ፣ በሞተር መጠን ወይም በክብደት የሚሰላ ግብር፣ ውዝፍና ቅጣት ለየብቻ ናቸው። የሞተሩን ሲሲ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። 1500 የሆነው 1800 ተብሎ ከገባ በየዓመቱ የሌላ መኪና ግብር ትከፍላላችሁ።

«መኪናዬ ቆማለች፣ ስለዚህ አልከፍልም»

ሰውን ክፉኛ የሚጎዳው ይሄ ነው። ዓመታዊው ክፍያ በአብዛኛው የሚታሰበው መኪናዋ መዝገብ ላይ ስላለች እንጂ ስለተነዳች አይደለም። ባትሪዋ ተፈትቶ፣ ጎማዋ ተንፍሶ ጓሮ ብትቀመጥ መዝገቡ ይህን አያውቅም፤ ውዝፉ ይቆጠራል፣ ቅጣቱ ይደረብበታል። ማስቆም የሚቻለው በማስታወቅ ብቻ ነው። ብሪታንያ መኪናን ከመንገድ ውጪ ማስመዝገብ በነፃ ነው፤ ካሊፎርኒያ አነስተኛ ክፍያ አለው። በሁለቱም ቦታ እንዲህ የተመዘገበች መኪና የሕዝብ መንገድ ላይ መቆም እንኳ አትችልም፤ በር ላይ አቁማችሁ «አልነዳኋትም» ብትሉ አያድናችሁም።

እንዲህ ያለ አሠራር ባለበት ሁሉ ቦሎው ሳያልፍበት በጽሑፍ አመልክቱ፤ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያዙ፤ ሰሌዳ ከመለሳችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ለጸሐፊው በቃል መንገር ማስታወቅ አይባልም። ኢንሹራንሱን አስቀድማችሁ አታቋርጡ፤ ብሪታንያ ከመንገድ ውጪ ያልተመዘገበች መኪና ቆማም ቢሆን ያለ ኢንሹራንስ ከተገኘች ታስቀጣለች። መኪናዋ ለቁርጥራጭ ከተሸጠች ደግሞ የስረዛ ማረጋገጫ ሳትይዙ ፋይሉ ተዘግቷል ብላችሁ አትቀመጡ።

«ሸጫታለሁ፣ ዕዳው የገዢው ነው»

ስም እስኪዞር ድረስ ቅጣቱ የሚመጣው በእናንተ ስም ነው። ውሉን በተፈራረማችሁበት ቀን ለመዝጋቢው አሳውቁ። የተከፈለ ግብርም ሁልጊዜ ከመኪናው ጋር አይሄድም፤ ብሪታንያ ከኦክቶበር 2014 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሻጭ የቀሪዎቹ ሙሉ ወራት ተመላሽ ይደረግለታል፣ ገዢ ከመንዳቱ በፊት እንደ አዲስ ይከፍላል።

«ትንሽም ትልቅም መኪና መንገዱን እኩል ይጎዳል»

አይጎዳም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ውስጥ በተደረገው የመንገድ ሙከራ፣ በአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ያረፈ ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ እንደሚጠጋ ታይቷል። ለከባድ መኪና የሚቆረጠው ተመን ከፍ የሚለው ለዚህ ነው።

«ኤሌክትሪክ መኪና ነፃ ነው»

ነዳጅ ስለማይቀዳ የነዳጅ ግብር አያገኘውም፤ አይስላንድ ከጃንዋሪ 2024፣ ኒውዚላንድ ከኤፕሪል 2024 (እ.ኤ.አ.) አንስቶ በኪሎ ሜትር ማስከፈል የጀመሩትም በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው በርክክቡ ቀን የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ ውሉ ላይ ያስጽፍ፣ ፎቶም ያንሳው፤ አለዚያ የሻጩ ኪሎ ሜትር የት አብቅቶ የእሱ የት እንደጀመረ ማስረዳት ያቅተዋል።